የአልጀብራውን ኤክስ ለ7ኛ ክፍል ልጆች እንዴት ነው የምታስገቡት? (ሐዋሳ)

ጠያቂ፦ ሰባተኛ_ቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ቁጥር ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ሱቅ ብትልካቸው አንድ ብር መልስ አያጎድሉም። ሰሌዳው ላይ ፊደል የወጣ ቀን ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል።

ባለፈው ሳምንት 2ሀ + 3 = 11 ብዬ ጻፍኩ። (ክፍል ውስጥ በኤክስ ነው የምጽፈው፣ እዚህ በሀ ልጻፈው።) ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሀ ስንት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል አይደል? ታዲያ ለምን አይነግሩንም?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀው። እኔም ጥሩ መልስ አልነበረኝም። «ፈልገን እናገኘዋለን» ብዬ አለፍኩት፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሲከነክነኝ አመሸ።

በማግስቱ አንድ ነገር ሞከርኩ። ቁራጭ ወረቀት አደልኩና 8 + 4 = __ + 5 ብዬ ባዶውን ሙሉ አልኳቸው። ማታ ቁጭ ብዬ ስቆጥር 12 ብለው የሞሉት ከግማሽ በላይ ናቸው። 17 ያሉም አሉ። 7 ብለው የጻፉት 9 ልጆች ብቻ ናቸው። ለካ የእኩል ምልክቱን የሚያነቡት «መልሱ ይኸውና» ብለው ነው። በዚህ ላይ ነው እኔ ፊደል የጨመርኩባቸው።

ያለኝን ልንገራችሁ። የራሴ ስልክ አለ። ትምህርት ቤቱ አንድ ፕሮጀክተር አለው፣ ተራ መያዝ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት 11 ናቸው። ኔትወርክ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ መብራትም እንደዚያው። አንዳንዶቹ ልጆች ደግሞ ቤት ሄደው ፎቶማዝ በሚባለው ሒሳብ የሚፈታ አፕ ፎቶ አንስተው የቤት ሥራውን ከነደረጃው ገልብጠው ይመጣሉ። ስጠይቃቸው ግን አንድ መስመር እንኳ ማስረዳት አይችሉም።

ቴክኖሎጂውንም የኑሮ ምሳሌውንም መጠቀም እፈልጋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ግን ልጆቼ የማያውቁት ኑሮ ነው። እናንተ በምን ጀመራችሁ? ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ምን አለ? የሞከራችሁትን ብቻ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

___

መልስ፦ ባለ_ቾክ

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያንን የ8 + 4 ጥያቄ መስጠትሽ ትልቅ ነገር ነው። የአንቺ ልጆች ብቻ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ላይ ይህንኑ ጥያቄ 145 የ6ኛ ክፍል ልጆች ተጠይቀው ሁሉም 12 ወይም 17 ነው ያሉት። አንድም 7 ያለ አልነበረም። 9 ልጆች ካገኘሽ ጥሩ መነሻ አለሽ።

ስለዚህ ከፊደሉ በፊት ሚዛኑን አስገቢ። የምልሽ ቃል በቃል ሚዛን ነው። አንድ የልብስ መስቀያ ውሰጂ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት ፌስታል አንጠልጥይ፤ መሐሉን በገመድ ስቀይው። ቆርኪ ሰብስቢ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡልሻል። ሁለት የክብሪት ቀፎ ውስጥ 4፣ 4 ቆርኪ ደብቂና ዝጊ። ግራው ፌስታል ውስጥ ሁለቱን ቀፎና 3 ቆርኪ ክተቺ። ቀኙ ውስጥ 11 ቆርኪ። ከዚያ «ቀፎው ውስጥ ስንት አለ? መክፈት ግን ክልክል ነው» በያቸው።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ቀፎው ራሱ ክብደት አለው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ሚዛኑ አልስተካከል ብሎኝ ክፍል ፊት ቆሜ ላብ በላብ ሆንኩ። አንዲት ልጅ ናት «ጋሼ፣ ባዶ ቀፎ በዚያ በኩልም ይጨመር» ያለችኝ። ቀኙ ፌስታል ላይ ሁለት ባዶ ቀፎ ስጨምር ተስተካከለ። ያቺ ልጅ ያን ቀን አልጀብራው ሙሉ በሙሉ ገብቷት ነበር፣ ስሙን አታውቀውም እንጂ።

እንግዲህ 3 ቆርኪ ከግራ ሲያነሱ ሚዛኑ ያዘነብላል። «ምን እናድርግ?» ስትይ ራሳቸው ከቀኝም 3 ያነሳሉ። 8 ይቀራል። ለሁለት ያካፍላሉ። ቀፎውን ሲከፍቱት 4። ልጁ የጠየቀሽም መልሱን እዚህ ያገኛል። ቀፎው ውስጥ ስንት እንዳለ አስተማሪው ያውቃል፤ ልጁ ግን ሳይከፍተው ማወቅ መቻሉ ነው ቁም ነገሩ።

ፊደሉን ለማስገባት አትቸኩዪ። የዚህ ትምህርት ስም የመጣው ከዛሬ 1200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ይኖር ከነበረው ከአልኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው። አልጀብር በዓረብኛ የጎደለውን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። እሱ ኤክስ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ውርስ ክፍፍሉንም ንግዱንም የሠራው በቃላት ነው። የእኩል ምልክቱ እንኳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1557 በሮበርት ሬኮርድ ነው። ያልታወቀውን ቁጥር በኤክስ መጻፍን ደካርት ያስለመደው ደግሞ በ1637 ነው። የሰው ልጅ ከቃል ወደ ፊደል ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን ከፈጀበት ልጆቹንም ሁለት ሳምንት በቃላት አቆዪያቸው። «የቀፎው ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር 3፣ እኩል 11» ብለው ይጻፉ። መጻፉ ሲሰለቻቸው ራሳቸው ማሳጠር ይጀምራሉ። ያኔ ነው ፊደል የሚገባው።

___

መልስ፦ ላብ_ቴክ

እህቴ፣ ጋሼ ባለ_ቾክ ያሉት ላይ ልጨምር። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው።

መስቀያው የማይሠራበት ቦታ አለ። 2ሀ − 3 = 5 ስትዪ ምን ታንጠለጥያለሽ? ከዜሮ በታች የሚመዝን ቆርኪ የለም። ስክሪን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፌት የሚባል የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነፃ ማስተማሪያ አለ። እዚያ ውስጥ እኩልነትን በሚዛን የሚያሳይ አንድ አለ፤ ኔጌቲቭ ቁጥሮችን ሳይቀር ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። አንዴ በፍላሽ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ብራውዘር ላይ ይከፈታል። 11 ኮምፒውተር ላይ ለመጫን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል።

ሁለተኛው ጂኦጀብራ ነው፣ ቀመር ስትጽፊበት ግራፉን የሚሥል አፕ። ስልክሽ ላይ ጫኚው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከገባ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርኩስ ሆኸንቫርተር የሚባል ኦስትሪያዊ ተማሪ እያለ ነው የጀመረው። ስልክ ያላቸው ልጆች ካሉ በዜንደር ላኪላቸው፣ ካርድ አያስጨርሳቸውም።

እኔ የምጠቀመው ምሳሌ ባጃጅ ነው። ወንድሜ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ሲወጣ ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለ፣ ቤንዚንም አለ። ሁለቱ አንድ ላይ 900 ብር ይሁኑ እንበል። ከአንድ ሰው 15 ብር ቢቀበል እጁ ላይ የሚቀረው 15ሀ − 900 ነው፣ ሀ የተሳፋሪው ቁጥር ነው። ይህን ጂኦጀብራ ላይ ስትጽፊው መስመሩ ከታች፣ ከ −900 ይነሳል። ልጆቹ «ለምን ከታች ጀመረ?» ይላሉ። «ጠዋት ገና ሰው ሳይጭን ዕዳ ላይ ነው» ትያቸዋለሽ። ኔጌቲቭ ቁጥር እንደዚያ ቀን የገባቸው ጊዜ አይቼ አላውቅም። መስመሩ ዜሮን የሚሻገረው 60ኛው ሰው ላይ ነው። ከዚያ ስላይደር (በጣት እየተጎተተ ቁጥር የሚቀይር) ሠርተሽ ታሪፉን ከ15 ወደ 20 ሲጎትቱት መስመሩ ቀጥ እያለ ይነሳና መሻገሪያው ወደ 45 ይመጣል። ጣታቸው ነው የጎተተው፣ ዓይናቸው ነው ያየው። ይህንን ሰሌዳ ላይ በቾክ ለማሳየት አምስት ግራፍ ደጋግመሽ መሣል አለብሽ።

አንድ ስልክ ለ62 ልጅ አይበቃም፣ እሱ እውነት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሠንጠረዡን ሁሉም በደብተሩ በእጁ ይሠራል፣ ነጥቦቹን በስኩዌር ወረቀት ላይ ያስቀምጣል፣ ስልኩ በየቡድኑ እየዞረ ትክክል መሆናቸውን ያዩበታል። ስልኩን ቀድመሽ ከሰጠሻቸው መጎተት ብቻ ይሆናል።

ስለ ፎቶማዝ ደግሞ፣ አትከልክያቸው። የቤት ሥራውን ገልብጪው። ኢኩዌሽኑን ከነመልሱ ስጫቸውና «ለዚህ የሚሆን ታሪክ ከሐዋሳ ጻፉ» በያቸው። ያንን ፎቶማዝ አይጽፍላቸውም። ሌላ አፕ የሚጽፍ ቢኖር እንኳ ቆመው ሲያስረዱ ይታወቃል።

___

መልስ፦ የቡና_እናት

መምህርት ሰላም ነዎት? እኔ አስተማሪ አይደለሁም። አሞራ ገደል አካባቢ ጀበና ቡና ነው የምሸጠው። ልጄ ናት ይህንን ያሳየችኝ። ስለ ኑሮ ምሳሌ ስትጽፉ አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው።

አምና ሌላ ትምህርት ቤት እያለች «የአባታችሁን የወር ደመወዝ ጻፉና ወጪውን ቀንሱ» የሚል የቤት ሥራ መጣ። አባቷ የለም። ልጄ ማታ እያለቀሰች ቁጥር ፈጥራ ጻፈች። አስተማሪው በክፋት አላደረገውም፣ አውቃለሁ። ግን ልጆች ቤታቸውን ክፍል ፊት እንዲያወጡ አታድርጓቸው። የሰው ኑሮ ካስፈለጋችሁ የእኔን ውሰዱ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።

ለከሰል፣ ለቄጤማ፣ ለቦታ በቀን 240 ብር ይወጣብኛል፣ ሰው መጣም አልመጣም። አንድ ሲኒ 20 ብር ነው። ለቡናውና ለስኳሩ ከአንዱ ሲኒ 8 ብር ይሄዳል። እኔ 20ኛው ሲኒ እስኪሸጥ ድረስ ለራሴ አልሠራሁም ብዬ ነው የምቆጥረው። ከ21ኛው ጀምሮ ያለው ነው የቤቴ። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ከውሃ ሲወጡ፣ ጠዋት በጊዜ፣ ሀያውን ከጨረስኩ ቀኑ ደግ ነው። ዝናብ ከሆነ ደግሞ እስከ ማታም አይሞላ። ይህንን አልጀብራ ይሉታል ወይ ብዬ ልጄን ጠየቅኳት፤ አዎ አለችኝ።

___

መልስ፦ ባለ_ቾክ

እመቤቴ፣ የጻፉት ሙሉ ትምህርት ነው። ልጄ፣ አየሽ? የሴትዮዋ ሂሳብ 20ሀ = 8ሀ + 240 ነው። ያልታወቀው በሁለቱም በኩል ያለበት፣ ልጆች ከሁሉ የሚፈሩት ዓይነት። 8ሀውን ከሁለቱም በኩል ስታነሺ 12ሀ = 240፣ ሀ = 20። እሳቸው በጭንቅላታቸው የያዙት ቁጥር ራሱ ነው የወጣው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሀ «ሲኒ» ማለት አይደለም። ሀ የሲኒው ብዛት ነው። ብዙ አስተማሪ «3ሙ ማለት ሦስት ሙዝ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ለአንድ ቀን ይቀልለዋል፣ ለሁለት ዓመት ይጎዳቸዋል። ሙ የአንድ ሙዝ ዋጋ ከሆነ 3ሙ የሦስት ሙዝ ዋጋ ነው። ፊደሉ ሁልጊዜ ቁጥር ነው የሚተካው፣ ዕቃውን አይደለም።

ለመፈተን ይህንን ስጫቸው። «ለእያንዳንዱ ባጃጅ 3 ተሳፋሪ አለ። የተሳፋሪው ብዛት ተ፣ የባጃጁ ብዛት ባ ይሁን። ቀመሩን ጻፉ።» ብዙዎቹ ባ = 3ተ ይሉሻል። ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያዩ ነው የገለበጡት። አትቆጪ። «ባጃጁ 10 ቢሆን ተሳፋሪው ስንት ነው?» በያቸው። 30 ይላሉ፣ ያውቁታል። «እስቲ 10ንና 30ን ቀመራችሁ ውስጥ ክተቱ።» ራሳቸው ያጠፉትና ተ = 3ባ ብለው ይጽፋሉ።

___

መልስ፦ ባሕረ_ሐሳብ

ሰላም። እኔ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፣ ልጅነቴን ደግሞ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ስለ ኤክሴል ማንም ስላላነሳ ነው።

ልጆቻችን ቀመር የሚባለው ከውጭ የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ ነው የምጀምረው። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ሀ ይሁን። ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) 5500 + ሀ ነው። ለ2018 ብንሠራው 7518 ይመጣል። ይህንን ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ዜሮ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ። 1879ን (መጠነ ራብዒት የሚባለው) ከ7518 ጋር ስንደምር 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት በቀሪው ይታወቃል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ ዜሮ ሲሆን ሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። ልክ ነው።

ኤክሴል ላይ አንዱ ሳጥን ውስጥ ዓመቱን ይጽፋሉ። ኢንት የሚባለው ቀመር ሙሉ ቁጥሩን ይሰጣቸዋል፣ ሞድ የሚባለው ደግሞ ቀሪውን። ዓመቱን ሲቀይሩት ዕለቱ አብሮ ይቀየራል። ያኔ «ተለዋዋጭ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ሳጥኑ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ዓመት ያስገባና መስከረም 1 በምን ዕለት እንደዋለ ያወጣል። ሙስሊሞቹም ፕሮቴስታንቶቹም እኩል ነው የሚወዱት፣ አዲስ ዓመት የሁላቸው ነውና። የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት 7 ወይም 8 መደመሩንም ጨምሩበት። መቼ 7፣ መቼ 8 እንደሆነ ይከራከሩ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8።

___

ጠያቂ፦ ሰባተኛ_ቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ 12 ቀን ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

መስቀያው ሠርቷል። የመጀመሪያው ቀን ግን ፌስታሉ ተቀደደና ቆርኪው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ከክፍለ ጊዜው ሩቡ በለቀማ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ፌስታሉን ደርቤ መጣሁ። ቀፎውን ሲከፍት 4 ያገኘው ያ «ለምን አይነግሩንም» ያለኝ ልጅ ነው፤ ሆን ብዬ እሱን ነው የጠራሁት። ቀፎውን ይዞ ወደ መቀመጫው ሄደ፣ አልመለሰልኝም።

ፌት ላይ የነበረን ቀን መብራት ጠፋ። በሳምንቱ ደገምነው። 11 ኮምፒውተር ላይ በ5ና በ6 እየሆኑ ተቀምጠው ማውሱን የሚይዙት ሁሌም አንድ ዓይነት ልጆች ስለሆኑ በየአምስት ደቂቃው አጨበጭብና ይቀያየራሉ። ይህ ከሁሉ ያደከመኝ ነው። ግን 2ሀ − 3 = 5 ላይ በሁለቱም በኩል 3 መጨመር እንዳለባቸው ራሳቸው አገኙት።

ባጃጁ ላይ ደግሞ ያልጠበቅሁት መጣ። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ቤንዚን በቀን ቋሚ አይደለም። ብዙ ከጫነ ብዙ ይመላለሳል፣ ብዙ ይጠጣል» አለ። እውነቱን ነው። ታላቅ ወንድሙ ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ቤንዚኑን ከ900ው አውጥቶ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይ ለመቀነስ ተከራከረ። «በተሳፋሪ ነው ወይስ በኪሎ ሜትር?» ተባለ። ደወሉ ተደወለ፣ አልጨረስንም። ሌላዋ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን መስመር አይታ «59 ተኩል ሰው አለ እንዴ?» አለች። ስለዚህ በደብተራቸው ነጥብ ብቻ አድርገው መስመሩን ተዉት።

የቡና እናት፣ የእርስዎን ሂሳብ ስምዎን ሳልጠራ ሰጠኋቸው። ያለ ፊደል፣ በቃላት ነው የጻፉት። ሀያ ሲኒ ብለው ሲያወጡ «ሴትዮዋ ታውቀው ነበር» አልኳቸው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ከሰል ቢወደድስ?» አለች። 240ው 300 ቢሆን ብለን ሠራነው፣ 25 ሲኒ መጣ። ልጅቷ አምስቱን ሲኒ ለብቻው በቀይ አከበበችው። ቤት ሄጄ ለእናቴ አሳያታለሁ ብላ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ያንኑ የ8 + 4 ወረቀት ዓርብ ዕለት ደግሜ ሰጠሁ። 7 ያሉት 41 ሆነዋል። 21 ልጆች ገና ናቸው። ለእነሱ ቅዳሜ ጠዋት በተለየ ሰዓት መስቀያውን ይዤ እገባለሁ። ጋሼ፣ ለዚያ ቀን ከቀፎው ሌላ የሚሆን ነገር ካለዎት ይንገሩኝ፤ የክብሪቱ ቀፎ እየተቀደደ ነው።